የሆድ ደም ቅዳ መጥበብ ያመጣው የደም ግፊት፦ ቀዶ ሕክምናው አሁን ወይስ ልጁ ካደገ በኋላ?

ጥያቄ (እናት)
የ9 ዓመት ልጄ የደም ግፊት በሦስት ዓይነት መድኃኒት አልወርድ ብሎ ሲመረመር፣ አኦርታው (ከልብ ተነሥቶ በሆድ የሚወርደው ዋናው ደም ቅዳ) በኩላሊቶቹ አካባቢ እንደጠበበ፣ ወደ ሁለቱም ኩላሊቶች የሚሄዱት ደም ቅዳዎችም አብረው እንደጠበቡ ታወቀ። የክንዱ ግፊት ከፍተኛ ነው፤ የእግሩ ምት ግን በጣት ሲዳሰስ እምብዛም አይገኝም። ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ተነግሮናል፤ እስኪያድግ ቢጠበቅ ይሻላል የሚሉም አሉ። በደም ሥሩ ውስጥ በሚነፋ ፊኛ ማስፋት ለምን አይበቃም?

መልስ (የደም ሥር ቀዶ ሐኪም)
ጤና ይስጥልኝ እኅቴ። ኩላሊት የሚደርሰው ደም ሲያንስ ሬኒን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ በዚህም የተነሣ ደም ሥሮች ይጠብባሉ፣ ጨውና ውኃ በሰውነት ይጠራቀማል፣ ግፊቱም ይጨምራል። መድኃኒት ይህን ግፊት ቢያወርድም የጠበበውን አያሰፋም፤ እንዲያውም ኢናላፕሪልን የመሰሉት የግፊት መድኃኒቶች፣ ሁለቱም ወገን ሲጠብ የኩላሊትን ሥራ በድንገት ሊያዳክሙ ስለሚችሉ፣ ልጅዎ የሚወስደውን ሐኪሙን ይጠይቁ፤ በራስዎ ግን አያቋርጡ።

ፊኛ የኩላሊት ደም ቅዳ በአጭሩ ሲጠብ ጥሩ ይሠራል። አኦርታው ራሱ በረጅሙ ሲጠብ ግን ተመልሶ የመጥበብ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ስቴንትም (ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዘው የሽቦ ቱቦ) ከልጁ ጋር አያድግም። በቀዶ ሕክምና ወይ የጠበበው አኦርታ በቁመቱ ተከፍቶ መጣፊያ ይሰፋበታል፣ ወይም ከላይ ካለው ጤነኛ ክፍል ወደ ታችኛው ሰው ሠራሽ ቱቦ ተዘርግቶ ደሙ ጠባቡን ስፍራ ዘሎ እንዲያልፍ ይደረጋል። የኩላሊት ደም ቅዳዎቹ ከጠበበው ስፍራ ወዲያ፣ በኩላሊቱ በኩል፣ ተቆርጠው በሌላ ቦታ ይተከላሉ። ርዝመታቸው ካልበቃ በልጆች ላይ ከዳሌ ውስጥ የተወሰደ ደም ቅዳን እመርጣለሁ፤ ከእግር የሚወሰደው ደም መልስ ከዓመታት በኋላ ሊለጠጥና ሊያብጥ ይችላልና።

ግፊቱ በመድኃኒት ከተገታና ልብና ኩላሊት ካልተጎዱ መጠበቁ ጥቅም አለው፤ ሰፋ ያለ ቱቦ ማስገባት ይቻላልና። ሦስት መድኃኒት ካልገታው ግን ውሳኔውን ለረጅም ጊዜ ማቆየት አይገባም ባይ ነኝ።

መልስ (የሕፃናት ሐኪም)
ከቀዶ ሕክምናው በፊት መንስኤው ይጣራ። ታካያሱ የሚባለው የደም ቅዳ ብግነት ከሆነ፣ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር ብግነቱ እስኪበርድ ይጠበቃል፤ አለዚያ ስፌቱ ባረፈበት ስፍራ ዳግም ሊጠብ ይችላል። በቆዳው ላይ ቡናማ ነጠብጣቦች ካሉም ኒውሮፋይብሮማቶሲስ የሚባለው፣ ደም ቅዳንም ሊያጠብ የሚችል በዘር የሚመጣ ሕመም ይታሰባል።

መልስ (ታካሚ)
እኔ በወጣትነቴ በቱቦ የተሠራልኝ ነኝ። ግፊቴ ወረደ፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ሙሉ በሙሉ አልቀረልኝም፣ አንዱን ዛሬም እወስዳለሁ። በቀጠሮ ቀን ክንዴም እግሬም ይለካል፤ የሁለቱ ልዩነት እንደገና ሲሰፋ ቱቦው በምስል ይታያል። ለልጅዎም የሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን በደብተር እንዲጽፉለት እመክራለሁ።