የጋብቻ ወረቀት ሳይኖረኝ ፍቺ እንዴት ልጠይቅ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። በ2007 በሽማግሌ ተጋባን፤ ተደግሷል፣ ግን ክብር መዝገብ ላይ አልፈረምንም። በ2010 ዕቁብ ሲደርሰኝ ባለ ሁለት ክፍል የብሎኬት ቤት ሠራን። ካርታው በእሱ ስም ብቻ ነው።

ዘንድሮ ጥሎኝ ወጣ። ሽማግሌ ብልክ «ሚስቴ አይደለችም» ብሎ መለሳቸው። ያውም የገዛ ሚዜው መሀላቸው ተቀምጦ! ቀበሌ ስሄድ ደግሞ «ሁለታችሁም ኑ» አሉኝ።

የቤተሰብ ሕጉን፣ አዋጅ 213/1992ን አነበብኩ። በአንዱ ስም ቢመዘገብም በትዳር የተፈራ ንብረት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ወረቀት ከሌለ እንደ ባልና ሚስት መኖራችንን ማስረዳት ይቻላል። እጄ ላይ ያለው የሠርግ አልበም፣ ጥጉ የተበላ የጥሪ ካርድና የልጃችን የልደት ሰርተፍኬት ነው።

መጀመሪያ ጋብቻው እንዲረጋገጥልኝ ለብቻው ክስ ልክፈት፣ ወይስ ከፍቺውና ከቤቱ ክፍፍል ጋር በአንድ አቤቱታ ማቅረብ እችላለሁ?