የሜዲኬሩ የ48 ሰዓት ሕግ ላይ ተቸግሬያለሁ፣ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ የሜዲኬር (በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው የሚሆነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን) ኤጀንት ነኝ፤ ደንበኞቼ አብዛኞቹ የኛው እናቶችና አባቶች ናቸው። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ሰውየው ስለ የትኛው ዓይነት ፕላን መነጋገር እንደሚፈልግ በፎርም ከፈረመ በኋላ፣ ለሽያጭ ቁጭ ብለን እስክናወራ 48 ሰዓት መጠበቅ ግድ ሆኗል። ይሄ ገብቶኛል። በምዝገባው የመጨረሻ 4 ቀናት፣ ወይም ሳይቀጠር ራሱ ቢሮ ለመጣ ሰው እንደማይሠራም አውቃለሁ።

የከበደኝ ሌላ ነው። አንዲት እናት ስለ መድኃኒት ሽፋን ብቻ፣ ማለትም ለፓርት ዲ ፈርመው፣ ሰዓቱን ጠብቄ ቤታቸው ስሄድ "ልጄ፣ እስቲ ስለ አድቫንቴጁም ንገረኝ" ቢሉኝስ (በግል የመድን ድርጅት በኩል ስለሚሰጠው የሜዲኬር ፕላን ማለታቸው ነው)? አዲስ ፎርም ያስፈልጋል። ግን እዚያው ፈርመው እንቀጥላለን ወይስ እንደገና 48 ሰዓት? የምታስተረጉምላቸው ልጃቸው ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ነው የምትመጣው፣ ደግማ ላታገኝ ትችላለች፣ እኔ ደግሞ አዛውንት ሳይገባቸው እንዲፈርሙ በፍጹም አልፈልግም።

ሌላው፣ ገና 65 ዓመት ለሚሞላቸው የ7 ወሩ ምዝገባ ላይ 4ቱ ቀናት የሚቆጠሩት ከዲሴምበር 7 (የሁሉም ዓመታዊ ምዝገባ ከሚያበቃበት ቀን) ነው ወይስ ከራሳቸው የምዝገባ ማብቂያ?

የጠየቅኳቸው ኃላፊዎች መልስ ይለያያል። የድርጅታችሁን የቁጥጥር ክፍል ጠይቃችሁ በጽሑፍ መልስ ያገኛችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ምን እንዳሏችሁ ንገሩኝ።