ከኋላ አንገቴን ሲይዙኝ እደርቃለሁ

ራስን የመከላከል ስልጠና ከጀመርኩ 3 ወሬ ነው፤ በሳምንት 2 ቀን። ቁመቴ 1 ሜትር ከ58፣ ክብደቴ 52 ኪሎ። የእጅ አንጓዬን ሲይዙኝ ችግር የለብኝም፦ ክርኔን ወደ ያዘኝ ሰው እያስጠጋሁ በአውራ ጣቱ በኩል ባለው ክፍተት መንጭቄ አወጣለሁ። ወንድሜ እንኳ ባለ በሌለ ጉልበቱ ይዞኝ አምልጬዋለሁ።

ጉዱ ከኋላ ሲመጣ ነው። ክንድ አንገቴ ላይ ሲጠመጠም አገጬን ወደ ክርኑ መታጠፊያ መቅበር፣ በሁለት እጄ ክንዱን ወደ ታች መሳብ፣ ከዚያ ወደ ጎን ዞሮ መውጣት። ቀስ ብለን ስንሠራው እንደ ውሃ ነው የምጠጣው። ባለፈው ሳምንት ግን የልምምድ ጓደኛዬ ሳትነግረኝ ያዝ ስታደርገኝ ትንፋሼ ቆመ፣ እጆቼ ጎኔ ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። ድምፅም አልወጣኝም (ቤት ውስጥ ግን ጩኸቴን የሚችለው የለም!)።

ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩ፣ 50 ጊዜ ደጋገምኩ። መቼ እንደምትይዘኝ ካወቅሁ ይሠራል፤ ካላወቅሁ ድርቅ። መደንዘዝ የሰውነት የራሱ ምላሽ እንደሆነ ስለማውቅ «አትፍሪ» የሚል ምክር አልፈልግም።

እንደኔ ስትደርቁ የነበራችሁ፣ ድንገት ስትያዙ የመጀመሪያዋን እንቅስቃሴ ለመጀመር የረዳችሁ ምን ዓይነት ልምምድ ነው?