የተሰነጠቀ የጭስ ማኒፎልድን አውጥቶ ሄደር በግቢ ውስጥ ስለ መግጠም

ጠያቂ (ደሴ)፦

እ.ኤ.አ. በ1997 የተሠራች፣ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለው ባለ 1.6 ሊትር ሞተር ያላት ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ጠዋት ሳስነሳት ከኮፈኖው ሥር «ቲክ ቲክ» የሚል ድምፅ ታሰማለች፤ ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ይጠፋል። ከዚያ ወዲህ የቤንዚን ፍጆታዋም ጨምሯል። የሙቀት መከላከያ ላሜራውን ፈትቼ ስመለከት የጭስ ማኒፎልዱ (ጭሱን ከሞተሩ ሰብስቦ ወደ ጭስ ቱቦው የሚያስተላልፈው ክፍል) በሁለተኛውና በሦስተኛው ቱቦ መካከል ተሰንጥቆ አገኘሁት። ስለዚህ ለዚሁ ሞተር የሚሆን ባለ 4-2-1 (አራቱ ቱቦዎች መጀመሪያ ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ አንድ የሚገናኙበት) የማይዝግ ብረት ሄደር፣ ማለትም በማኒፎልዱ ቦታ የሚገባ በቱቦ የተሠራ ጭስ ማውጫ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ አስመጥቻለሁ። ክሪክ፣ ሁለት ካቫሌቶ (መኪናን ደግፎ የሚይዝ ማቆሚያ) እና የቡሶላ ቁልፎች ስላሉኝ ግቢዬ ውስጥ ራሴ ልገጥመው አስቤአለሁ። የሚያሳስበኝ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው የኦክስጅን ሴንሰሩ ነው፤ የእኔ በሁለት ዳዶ የሚታሰር ሲሆን ሄደሩ ላይ ያለው ግን ክር ያለው ቀዳዳ ነው። ደግሞስ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለውን የሐረጎን ዳገት ስወጣ ጉልበት ይጨምርልኛል?

መልስ 1 (መካኒክ፣ ኮምቦልቻ)፦

ከጉልበቱ ልጀምርና ተስፋዎን በልኩ ላድርገው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ የሚስበው አየር በሳሳ መጠን ጉልበቱ ይቀንሳል። ሄደር ጭሱ በቀላሉ እንዲወጣ ያግዛል እንጂ የጎደለውን አየር አይተካም፤ የሚጨምረው ጥቂት ነገርም በአብዛኛው የሚታየው ሞተሩ በጣም ሲፈጥን ነው። ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ለሚወጣ ሰው ልዩነቱ እምብዛም አይሰማም። ሆኖም ባለ 4-2-1 መምረጥዎ ደግ ነው፤ በዝቅተኛ ዙር አራቱ በአንዴ ከሚገናኙበት ከባለ 4-1 ይሻላል። የሞተሩ የእሳት ቅደም ተከተል (ሲሊንደሮቹ በየተራ የሚቀጣጠሉበት) 1-3-4-2 ስለሆነ የአንደኛው ቱቦ ከአራተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው ጋር መገናኘት አለባቸው፤ ከመግጠምዎ በፊት ቱቦዎቹን በጣትዎ እየተከተሉ ያረጋግጡ።

የቤንዚኑ ነገር ግን ከስንጥቁ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። ጭሱ በግፊት ብቻ የሚሄድ ሳይሆን በየምቱ መካከል ወደ ኋላ የሚስብበት ቅጽበት ስላለ፣ ከሴንሰሩ በፊት ያለ ስንጥቅ ከውጭ አየር ያስገባል። ሴንሰሩም ያንን ኦክስጅን አይቶ ቤንዚን አነሰ ብሎ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፤ ኮምፒውተሩም ሳያስፈልግ ይጨምራል። ካንዴላዎቹን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን) ፈትተው ይመልከቱ፤ ጥቀርሻ ከያዙ ነገሩ ይኸው ነው። አዲሱ ሄደርም መጋጠሚያው ላይ ካፈሰሰ ችግሩ እንዳለ ይቀጥላል።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም፤ ከባዱ የዛገውን ዳዶ ሳይሰብሩ መፍታት ነው። ማኒፎልዱ የሚታሰርበት የሞተሩ ራስ (ቴስታታው) አልሙኒየም በመሆኑ ክሩ ቶሎ ይበላል። ዋዜማው ማታ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይርጩበትና ይደር፤ በማግስቱ የባትሪውን ነጌቲቭ ይፍቱ፣ ሞተሩም ፍጹም ቀዝቃዛ ይሁን። እንቢ ያለውን ዳዶ በኃይል ከመጠምዘዝ ትንሽ ማጥበቅ፣ ትንሽ ማላላት፣ እንደገና ዘይት መጨመር ይሻላል። የቴስታታውን ፊት በሚያጸዱበት ጊዜ ሞላ (የኤሌክትሪክ መሞረጃ) እንዳያስነኩት፤ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይበቃል። በመጋጠሚያው መካከል የሚገባው ጋስኬት አዲስ ይሁን፤ ሲሊኮን ግን አይቀቡበት፤ ትነቱ ሴንሰሩን ይገድለዋል።

ሲገጥሙ ሁሉንም በእጅ ብቻ አስገብተው፣ ከታች ያለውን ቱቦም አገናኝተው ይቆዩ። ታችኛው ካልገጠመ ላይኛውን አጥብቀው በጉልበት አይሳቡት፤ ቆይቶ የሚሰነጠቀው እንዲህ ያለው ነው። ከዚያ ከመካከል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር እየጨመሩ ያጥብቁ፤ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላም አንድ ጊዜ ይድገሙት።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የደሴ ግቢ ደልዳላ መሬት አይገኝለትም። ጎማውን በድንጋይ ሳያስደግፉ፣ ካቫሌቶውም ጠንካራ ወለል ላይ ሳይቆም ከሥሯ አይግቡ፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም።

መልስ 2 (ብየዳ ቤት፣ ደሴ)፦

መካኒኩ ያልነኩትን የሴንሰሩን ጉዳይ ልመልስ። ክር ባለው ቀዳዳ ላይ የሚታሰር፣ በሌላ ጎኑ ሁለት ቡሎን ያለው ማገናኛ በመለዋወጫ መደብር ይገኛል፤ ካጡም ወፍራም ብረት ቆርጦ መሥራት ይቻላል። ሆኖም ማገናኛው ረዥም ከሆነ የሴንሰሩ ጫፍ ጭሱ ውስጥ ሳይገባ ይቀርና የተሳሳተ ንባብ ይሰጣል፤ ስለዚህ አጭሩን ይምረጡ። ብየዳ ካስፈለገ ሄደሩን ከመኪናዋ ላይ አውርደው ያምጡት። መኪናዋ ላይ እንዳለ እንድንበይድ የሚጠይቁን ብዙ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ጥሩ ስላልሆነ እኔ እንቢ እላለሁ።

መልስ 3 (ደሴ)፦

እኔ በሐሳቡ አልስማማም። ከአሮጌ መኪና የወጣ ደህና ኦርጅናል ማኒፎልድ ቢገኝ ይሻል ነበር፤ ወፍራም በመሆኑ ድምፅና ሙቀት ያፍናል፤ ለዓመታዊው የቦሎ ምርመራም ጥያቄ አያስነሳም። በቀጭን ቱቦ የሚሠራ ሄደር ሙቀቱን ኮፈኖ ሥር ይለቃል፤ በአቅራቢያው ያለ የኤሌክትሪክ ሽቦና የጎማ ቱቦ ሁሉ መራቅ ወይም መሸፈን አለበት። ከሁሉ በላይ ግን የሚያሰጋኝ ጭሱ ነው። በደሴ ብርድ መስኮት ዘግተን ማሞቂያ ከፍተን ስለምንነዳ፣ ኮፈኖ ሥር የሚያፈስ ጭስ ከነካርቦን ሞኖክሳይዱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ይህም ሽታ የለውም። ስለዚህ ገጥመው ሲጨርሱ በጭራ ቱቦው ጫፍ ላይ ወፍራም ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ አስይዘው፣ ሞተሩ ሳይሞቅ መጋጠሚያውን ያዳምጡ።

ጠያቂ (ደሴ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ጀመርኩት። አንዱ ቡሎን ከቴስታታው ጋር እኩል ሆኖ ስለተሰበረብኝ እኔው ከምቦረቡረው ብዬ ባለሙያ ቤት ድረስ ጠርቼ አስወጣሁት፤ የተቀሩት በዘይቱ ኃይል ወጡ። ካንዴላዎቹም እንደተባለው ጥቁር ነበሩ። ለሴንሰሩ አጭር ማገናኛ አግኝቻለሁ። መጀመሪያ ሳስነሳት ሄደሩ ላይ የቀረው ዘይት ሲቃጠል ሩብ ሰዓት ያህል ጨሰና ጎረቤት ሁሉ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ግን ጠራ። የጠዋቱ «ቲክ ቲክ» የለም። ሐረጎን ትናንት ወጣሁት፤ ጉልበቷ እንደ ድሮዋ ነው። ዛሬ ማታ ስትቀዘቅዝ ዳዶዎቹን እንደገና አጠብቃለሁ፤ የቤንዚኑን ውጤት ሁለት ጊዜ ሞልቼ ካየሁ በኋላ እጽፋለሁ።