የጦር ነዳጅ ተሳቢ በ1፡35 ልክ ከባዶ ስሠራ፦ ሞላላው ታንከር አልታዘዝ አለኝ

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአሜሪካ ጦር የሚጠቀምበትን 5,000 ጋሎን የሚይዝ የነዳጅ ቦቴ ተሳቢ ሞዴል በ1፡35 ልክ፣ ማለትም ከእውነተኛው በ35 እጥፍ አሳንሼ፣ ከስታይሪን ፕላስቲክ እየሠራሁ ነው። ሻሲውና ጎማዎቹ አላስቸገሩኝም፤ ያስቸገረኝ ታንከሩ ነው። ክብ ሳይሆን ግራና ቀኙ የሰፋ ሞላላ ነው። ርዝመቱን ከጎን፣ ስፋቱን ከኋላ ከተነሡ ፎቶዎች አግኝቻለሁ። ከፍታውን ግን ከታች ሻሲው፣ ከላይ መረማመጃው ይሸፍኑታል። 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሉህም እንደልብ አይጠቀለልም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ማስመሪያ፦
ከፍታውን ፎቶ ካልሰጠህ ጋሎኑ ይሰጥሃል። 5,000 የአሜሪካ ጋሎን ወደ 18,927 ሊትር ነው። በ1፡35 ልክ ይዘት የሚቀንሰው 35 ጊዜ ሳይሆን 35 ሦስት ጊዜ ተባዝቶ፣ ማለትም 42,875 ጊዜ ነው። ስለዚህ የሞዴልህ ታንከር የሚይዘው 441 ሚሊ ሊትር ያህል ይሆናል። ለምሳሌ ርዝመቱ 200፣ ስፋቱ 64 ሚሊሜትር ቢሆን፣ 441 ሚሊ ሊትሩን፣ ማለትም 441,000 ኪዩቢክ ሚሊሜትሩን ለ200 ስታካፍል የሞላላው ገጽ ወደ 2,205 ካሬ ሚሊሜትር ይመጣል። ይህንን በ4 አባዝተህ፣ ለ3.14 እና ለ64 ብታካፍለው ከፍታው 44 ሚሊሜትር ገደማ ይወጣል። እውነተኛው ታንከር ነዳጁ ሲሞቅ የሚሰፋበት ባዶ ቦታ ስላለው አንድ ሚሊሜትር ብትጨምር አትሳሳትም።

እጀ ሥራ፦
ስሌቱ ደስ ይላል፤ ሥራው ግን ከመቀስ ይጀምራል። ወንድሜ፣ 1 ሚሊሜትሩን ሉህ ለቆዳ፣ ማለትም ለውጪው ሽፋን አታውለው፤ ከውስጥ ቅርጹን ለሚይዘው አጥንት አድርገው። ቆዳው 0.5 ሚሊሜትር ይሁን። ሞላላ ቅርጾችን ከወፍራሙ ቁረጥና በየ20 ሚሊሜትሩ በመሃል አከርካሪ ላይ ሰካቸው። ቅርጾቹን ስትቆርጥ የቆዳውን ውፍረት መቀነስ አትርሳ፤ ለ64 በ44 ታንከር 63 በ43 ይሆናሉ። ሁለት ስፒል በ46 ሚሊሜትር ርቀት ትከል፣ በመካከላቸው 63 ሚሊሜትር የሚረዝም ክር አስር፣ ክሩን በእርሳስ ወጥረህ ዙር፤ ሞላላው ራሱ ይወጣል።

የቆዳውን ወርድ ለማግኘት ቀጭን ወረቀት በአጥንቱ ዙሪያ ጠቅልለህ ምልክት አድርግ። በዚህ ምሳሌ ወደ 170 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ጥቂት አስረዝመህ ቁረጥና በኋላ አስተካክል። ሉሁን በቧንቧ ላይ ጠቅልለህ በክር እሰረውና በጣም ሙቅ ውኃ ውስጥ ንከረው፤ ሲቀዘቅዝ ጠመዝማዛነቱን ይዞ ይቀራል። መጋጠሚያውን ከታች፣ ሻሲው በሚሸፍነው በኩል አድርገው።

ቧንቧ ወዳጅ፦
ይህ ሁሉ ድካም ለምን? የፒቪሲ ቧንቧ አሙቆ መጨፍለቅ ይበቃል።

እጀ ሥራ፦
ለክብ ታንከር ከሆነ እስማማለሁ። የተጨፈለቀ ቧንቧ ግን ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ጥጉ ክብ ይሆናል እንጂ ሞላላ አይወጣውም። ደግሞ የስታይሪን ሙጫ ፒቪሲን አይዘውም፤ ቧንቧ ከመረጥክ ሱፐር ግሉ ወይም ኢፖክሲ ያስፈልግሃል።

ጀማሪው፦
አጥንቱን ቆረጥኩ፣ በክርና በስፒል በትክክል ወጣልኝ። ቆዳውን ከማጣበቄ በፊት ሌላ የማውቀው ነገር አለ?

ማስመሪያ፦
አለ። ፈሳሹ ሙጫ ፕላስቲኩን እያሟሟ ነው የሚያጣብቀው። ተኑ በተዘጋ ታንከር ውስጥ ከታፈነ ቀጭኑን ቆዳ ያለሰልሰዋል፤ ከቀናት በኋላ በየአጥንቱ መካከል ይሰረጉዳል። በእያንዳንዱ ቅርጽ መሃል ቀዳዳ ብሳ፣ ከታንከሩ ሥርም አንድ መውጫ ተው። ሙጫውን በጫፍ በጫፉ በጥቂቱ ንካ፤ እንደ ቀለም አትቀባው።

የቱቦ ሰው፦
እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ የትኛውን ዓይነት ነው የምትሠራው? ኤም 967 ነዳጅ በጅምላ ለማጓጓዝ ነው። ኤም 969 ተሽከርካሪ ስለሚሞላ ፓምፕ፣ ማጣሪያና የቱቦ መጠቅለያ አለው። ኤም 970 ደግሞ አውሮፕላን ይሞላል። የፓምፑን ሳጥን በር ክፍት ካደረግኸው የሰው ዓይን ሁሉ ወደዚያ ነው የሚሄደው። ለቱቦው የጊታር ክር ወይም ለስላሳ የሽቦ ሽፋን ጥሩ ነው። የብየዳውን መስመር በእሳት ከተሳበ ቀጭን የፕላስቲክ ክር ሥራው፤ ሙጫ ንካውና ሲለሰልስ በቢላ ጫፍ ጥቃቅን ጭረት አድርግበት።

ጀማሪው፦
ኤም 969 ነው። በሩን ክፍት አደርገዋለሁ።

የቱቦ ሰው፦
እንግዲያውስ የሳጥኑን ውስጥ ከመዝጋትህ በፊት ቀባው፤ በኋላ ብሩሽ አይገባም።