አለቃዬ «እንደ ፈርጉሰን ሁን» ይለኛል፤ ከአሰልጣኞች ለሥራ ቦታ የሚወሰድ ነገር በእውነት አለ?

የመጋዘኑ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የሸቀጣሸቀጥ አከፋፋይ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። በቅርቡ የሽፍት ኃላፊ አድርገው ሾሙኝ። የምመራው አብሬያቸው ስጭንና ሳወርድ የኖርኩትን ሰዎች ነው። ደሞዙ ላይ የተጨመረችው ነገር ለታክሲ እንኳ አትበቃም፣ ራስ ምታቱ ግን በሽ በሽ ነው።

ችግሬ ሥራው አይደለም፣ አለቃዬ ነው። ሰውዬው የለየለት የማንቼ ደጋፊ ነው። የሆነ የአመራር ሥልጠና ወስዶ ከመጣ ጀምሮ ስብሰባው ሁሉ የድሮው የማንቸስተር ዩናይትድ አሰልጣኝ ፈርጉሰን ሆኗል። አንድ መኪና ዘግይቶ ከወጣ «ፈርጉሰን ቢሆን ኖሮ…» ብሎ ይጀምራል። ባለፈው ለብቻዬ ጠርቶ «አንተ ለስላሳ ነህ፣ ልጆቹ ንቀውሃል፣ አንድ ቀን ፀጉር ማድረቂያውን ክፈትባቸው» አለኝ። ኳስ ለማትከታተሉ፣ ፈርጉሰን ተጫዋች ፊት ላይ ተጠግቶ ሲጮህ ንፋሱ ፀጉር ያደርቃል ተብሎ የወጣለት ስም ነው።

እኔ መጮህ አልችልበትም። ብጮህም ይስቁብኛል እንጂ አይደነግጡም። ግን ነገሩን ዝም ብዬ ማጣጣልም አልፈለግኩም፣ ሰውዬው 26 ዓመት ተኩል አንድ ክለብ የመራው በጩኸት ብቻ ሊሆን አይችልም። የምታውቁ ካላችሁ፣ ትልልቆቹ አሰልጣኞች ምን ነበር የሚያደርጉት? እኔን የመሰለ ተራ የሽፍት ኃላፊ የሚወስደው ነገር አለ ወይስ የስብሰባ ማሟሟቂያ ነው?

ቀዩ_ሰይጣን

ወንድሜ አለቃህ ደጋፊ ነኝ ይበል እንጂ ሰውዬውን አያውቀውም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

ጩኸቱ ነበር፣ አልክድም። በ2003 በኤፍኤ ካፕ በአርሰናል 2 ለ 0 ከተሸነፉ በኋላ መልበሻ ክፍል ውስጥ በእግሩ የመታው ጫማ በሮ የቤካምን ቅንድብ ፈንክቷል። ያን ታሪክ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ማንም የማያወራው ግን ሌላውን ቀን ነው። ሰውዬው ልምምድ ራሱ አያሠራም ነበር! አበርዲን እያለ ሁሉንም ነገር በራሱ ካልሠራ አያምንም ነበር፤ አንድ ረዳቱ «እኔን ለምን አመጣኸኝ ታዲያ?» ዓይነት ነገር ሲለው ነው ልምምዱን ለረዳቶቹ ለቆ ዳር መቆም የጀመረው። ራሱ ነው ይህን የተናገረው። ዳር ሲቆም ደግሞ በፊት የማያየውን ማየት ጀመረ። ማን ጉልበቱ እንደወረደ፣ ማን ቤቱ ችግር እንዳለበት፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ። ፊሽካ ይዘህ መሃል ሆነህ ይሄ አይታይህም።

ሌላው፣ ሁሉንም በአንድ ዓይን አላየም። አጥቂው ካንቶና በጥር 1995 ዘሎ ተመልካች ሲመታ ለወራት ታገደ። ሰውዬው ተስፋ ቆርጦ እንግሊዝን ጥሎ ሊሄድ ነበር። ፈርጉሰን ፓሪስ ድረስ ሄዶ እራት ጋብዞ መለሰው። በቀጣዩ ዓመት ሊጉንም ኤፍኤ ካፑንም አነሱ። ሮይ ኪን ደግሞ በ2005 ለክለቡ ቴሌቪዥን በተቀረጸ ቃለ ምልልስ ጓደኞቹን በስም እየጠራ ሲተች፣ ካፒቴን ቢሆንም፣ ስንት ዋንጫ ቢያመጣም፣ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ተሸኘ። ልዩነቱ ይገባሃል? ካንቶና ራሱን ነው የጎዳው፣ ኪን ቡድኑን ነካ። ፈርጉሰን የቱ ይቅር እንደሚባልና የቱ እንደማይባል ለራሱ ጥርት ያለ መስመር ነበረው።

ደግሞ ሲናገር ወዲያው ተናግሮ ይጨርሳል፣ እስከ ሰኞ አያቆይም። ቂም የለም። እኛ አገር አለቃ ዛሬ ያጠፋኸውን ለግምገማ ቀን ያስቀምጥልሃል፣ ያ ነው የሚገድለው።

በነገራችን ላይ ከ1986 ጀምሮ የመጀመሪያውን ሊግ ያነሳው በ1993 ነው። በመሃል በ1989 ደጋፊው ሜዳ ውስጥ «በቃህ» የሚል ጨርቅ ዘርግቶበታል። ቦርዱ ያኔ ቢያባርረው 13 የሊግ ዋንጫ የሚባል ነገር የለም። ለአለቃህ ይህችንም ንገረው።

ስፖርት_መምህር

እኔ ኳስ ብዙም አልከታተልም፣ የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ ነኝ። ስለዚህ ሌላ ሰው ልጨምርልህ። ጆን ውደን የሚባል የዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ነበር። በ12 ዓመት ውስጥ 10 ጊዜ የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን ሆኗል። እንዲህ ያለ ሰው የዓመቱን የመጀመሪያ ልምምድ በምን ይጀምራል ብለህ ትገምታለህ? በካልሲ! አዎ፣ የአገሪቱን ምርጥ ምርጥ ወጣቶች አስቀምጦ ካልሲ አደራረግ ያስተምራቸው ነበር። ተረከዝና ጣት አካባቢ እጥፋት እንዳይኖር በእጅ ማለስለስ፣ ከዚያ የጫማውን ማሰሪያ ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ አጥብቆ መሳብ። ልጆቹ መጀመሪያ ይስቁ ነበር ይባላል። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው፦ ካልሲ ከታጠፈ እግር ውሃ ይቋጥራል፣ እግሩ ውሃ የቋጠረ ልጅ ልምምድ ይቀራል፣ ልምምድ የቀረ ልጅ ጨዋታ ላይ አይገኝም።

ሁለት ተመራማሪዎች ደግሞ በመጨረሻው የሥራ ዓመቱ ልምምድ ላይ ተቀምጠው የሚናገረውን ሁሉ መዝግበዋል። ታላቅ ንግግር፣ ማነቃቂያ ምናምን ይጠብቁ ነበር መሰለኝ። ያገኙት ሌላ ነው። ከተናገረው ሦስት አራተኛው የሚጠጋው አጭርና ደረቅ መመሪያ ነው። «እንዲህ ያዝ፣ እንዲህ አይደለም፣ እንዲህ ነው።» ሙገሳውም ቁጣውም እያንዳንዳቸው ከመቶ 7 አካባቢ ናቸው፣ በቃ። ስህተት ሲያይ ትክክለኛውን ራሱ ያሳያል፣ ቀጥሎ ልጁ የሠራውን ያሳያል፣ መልሶ ትክክለኛውን ያሳያል፣ ሰከንዶች ናቸው፣ ልምምዱ ይቀጥላል።

እና መጋዘን ውስጥ ካልሲው ምንድን ነው? እሱን አንተ ነህ የምታውቀው። ካርቶን አደራረብ ይሆናል፣ ከባዱ ከታች ቀላሉ ከላይ፣ ወይ የጫኝ ሰነድ አሞላል። «ተጠንቀቁ፣ ትኩረት ስጡ» ብለህ መቶ ጊዜ ከምትናገር አንዴ እጅህን አስገብተህ አሳያቸው።

ሰው_በላ_ሂሳብ

ጭብጨባውን ስላቋረጥኩ ይቅርታ። ይሄ ሁሉ ጥሩ ታሪክ ነው፣ ግን አንድ ነገር ረሳችሁ። ፈርጉሰን ያልፈለገውን ይሸጣል፣ የፈለገውን ይገዛል። ውደን ከመላው አሜሪካ ይመርጣል። ይሄ ልጅ ማንን ይሸጣል? ተቀያሪ ወንበር እንኳ የለውም። ቅጥር የሰው ኃይል ክፍል ነው፣ ደሞዝ የፋይናንስ ነው፣ ቅጣት ደግሞ ደብዳቤ በደብዳቤ ነው። ሥልጣን በሌለበት የፈርጉሰንን ወኔ ብቻ ተሸክሞ መግባት ከሰው መጣላት ነው ትርፉ።

ደግሞ የሚጮሁ አሰልጣኞች ስንት ተባረዋል? የነሱን ትምህርት ማን ሊወስድ ይሄዳል? ያሸነፈውን አንስተን ያደረገው ሁሉ ትክክል ነበር እንላለን። ፈርጉሰን ራሱ ተከላካዩን ስታምን በ2001 ለጣሊያኑ ላዚዮ ሸጦ በኋላ ተሳስቼ ነበር ብሏል።

ከአገራችን አንዲት ልጨምርና ልውጣ። በ2013 ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ደርሰው፣ ለብራዚል ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ምድባቸውን እየመሩ፣ ሁላችንም ሰክረን በነበረበት ሰሞን በቢጫ ካርድ የተቀጣ ተጫዋች ቦትስዋና ላይ ተሰልፎ 3 ነጥብ ተቀነሰብን። ደግነቱ መካከለኛው አፍሪካን አሸንፈን ለናይጄሪያው ጨዋታ አለፍን። ግን እዩት፣ ታክቲክ አይደለም፣ ወኔ አይደለም። ካርድ የሚቆጥር ሰው ነው የጎደለው። አንተ ፈርጉሰንን ተወውና መጀመሪያ ሽፍትህ ላይ ማን ምን እንደሚቆጥር በወረቀት አስቀምጥ።

የመጋዘኑ_ልጅ

ኧረ ተባረኩ፣ ይሄን ያህል አልጠበቅኩም። @ሰው_በላ_ሂሳብ እውነትህን ነው፣ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ለመስጠት እንኳ ሦስት ፊርማ ያስፈልገኛል።

ትንሽ ላብራራ። ሁለት ሰው ነው ያስቸገረኝ። አንደኛው የፎርክሊፍት ሹፌራችን ነው። እጁ ወርቅ ነው፣ እሱ ካለ ሥራው ይሮጣል፣ ግን ሁልጊዜ ያረፍዳል። ሌሎቹ ደግሞ እሱን እያዩ ማርፈድ ጀምረዋል። ሁለተኛው ጋሼ ናቸው፣ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ መጋዘን ውስጥ የሠሩ። ቦታው ለእሳቸው ይገባ ነበር፣ እኔም አውቃለሁ። ዝም ብለዋል ግን ዝምታቸው ይከብዳል። ምን ላድርግ?

መድፈኛው

ያው ቀዩ ሰይጣን ቀድሞኝ ስለገባ ዝም ብዬ ነበር፣ ግን የሚያረፍድ ኮከብ ሲባል እንዴት ዝም እላለሁ። የኛ የአርሰናሉ ኦባሜያንግ! ካፒቴን ነበር፣ ጎል አግቢያችን ነበር፣ ገና ትልቅ ኮንትራት የፈረመ ነበር። መጋቢት 2021 የቶተንሃም ደርቢ ቀን አረፈደ፣ አሰልጣኙ አርቴታ ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀመጠው፣ 2 ለ 1 አሸነፍን። ታኅሣሥ ላይ ተፈቅዶለት ከሄደበት ጉዞ ዘግይቶ ሲመለስ ካፒቴንነቱን ተነጠቀ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልተሰለፈም፣ ባርሳ ሄደ።

ዋጋ አስከፍሎናል፣ በዚያ ዓመት 5ኛ ሆነን ቻምፒየንስ ሊግ አመለጠን። አጥቂ የለንም ብለን እኮ ጮኸናል። ግን ከዚያ ወዲህ ያለውን ቡድን ተመልከት፣ ሦስት ዓመት ተከታትሎ 2ኛ። (ማንቼዎች ሳቁ፣ ግዴለም።) ሹፌርህን ልታባርረው አትችልም፣ አታባርረውም። ግን መጀመሪያ ለብቻ አናግረው፣ ለምን እንደሚያረፍድ ጠይቀው፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሊሆን ይችላል። ምክንያት ከሌለው ያረፈደ ቀን ቁልፉን ለሌላ ሰው ስጥ። ሥራው ትንሽ ይንቀራፈፋል፣ ይንቀራፈፍ። ሌሎቹ የሚያዩት ያንን ነው።

እንጦጦ_በጠዋት

እኔ የሩጫ ሰው ነኝ፣ ስለ እንግሊዝ ብቻ ሲወራ ይቆጨኛል። የሯጮቻችንን አሰልጣኝ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬን ምነው ረሳችኋቸው? ከባርሴሎና እስከ ቤጂንግ ኦሎምፒክ ያለው ትውልድ የእሳቸው ነው። ሲድኒ ላይ በ5 ሺህ፣ በ10 ሺህና በማራቶን፣ በወንድም በሴትም ከነበሩት 6 ወርቆች 4ቱን ወሰድን። ጥብቅ ነበሩ፣ ኮከብ አትሌት ነኝ ብሎ መቅረት የለም። የእሳቸው ትልቁ ነገር ግን ለኔ አንድ ላይ ማሠራታቸው ነው። የዓለም ሻምፒዮኑና ገና ብቅ ያለው ልጅ አንድ ዳገት ላይ ይወጣሉ። ልጁ ከኋላ ሆኖ ማንም ሳያስተምረው ይማራል። በ2003 ፓሪስ ላይ ቀነኒሳ፣ ኃይሌና ስለሺ በ10 ሺህ 1፣ 2፣ 3 የወጡት እንዲያ ነው። በቀጣዩ ዓመት አቴንስ ላይ ኃይሌ ጉዳት ይዞት ወደኋላ ሲቀር፣ ቀነኒሳና ስለሺ እየዞሩ ሲጠብቁት ያየ ሰው ያን ቀን አይረሳም። ሊያሸንፋቸው የሚችለውን ሰው እኮ ነው የሚጠብቁት!

ሌላው የበቆጂው አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ነው። ደራርቱና ቀነኒሳ ገና ልጅ እያሉ በእጁ ያለፉ ናቸው። ልጅ ያወጣል፣ ያሠለጥናል፣ ከዚያ ልጁ አዲስ አበባ ክለብ ይገባል፣ ወርቁ ሲመጣ ቴሌቪዥን ላይ የሚታየው ሌላ አሰልጣኝ ነው። እሱ በማግስቱ በጠዋት ሜዳው ላይ ከሌሎች ልጆች ጋር ነው። ስንቱ አለቃ ነው ጎበዝ ሠራተኛውን «ሂድ እደግ» የሚለው? እዚህ አገር ጎበዝ ከሆንክ ቦታህን እንዳትለቅ ታስረህ ትቀራለህ።

ለጋሼ ጉዳይ፣ አዲስ የገቡትን ልጆች ከእሳቸው ጋር አጣምር። እሳቸው ከፊት፣ ልጆቹ ከኋላ። በቃላት «አክብሬዎታለሁ» ከማለት ይሻላል።

ቀዩ_ሰይጣን

እንጦጦ ልክ ብለሃል። ጋሼን በተመለከተ የኛን ቤት መጥፎ ታሪክም ልጨምር። ሞይስ በ2013 ከፈርጉሰን ሲረከብ የራሱን ሰዎች ይዞ ገባ፣ ቤቱን የሚያውቁት ረዳቶች ፊላንና ሙለንስቲን ወጡ። ሻምፒዮን የነበረ ቡድን 7ኛ ወጣ፣ ሞይስም ዓመቱን ሳይጨርስ ተባረረ። ረዳቶቹ ስለሄዱ ብቻ ነው አልልም፣ ቡድኑም አርጅቶ ነበር። ግን መልበሻ ክፍሉን የሚያውቅለት ሰው አጠገቡ አልነበረም።

ስለዚህ ጋሼን ከሥራ በፊት ሻይ ጋብዝና የመጋዘኑን ጉድ ጠይቃቸው። የትኛው ደንበኛ ዕቃ ይመልሳል፣ የትኛው ጥግ ክረምት ላይ ያፈሳል፣ ሹፌሩ ለምን ያረፍዳል። ስለ ሹመቱ አታንሳባቸው፣ እሳቸው ካላነሱ። ካነሱም አትከራከር፣ «ለእርስዎ ይገባ ነበር» በላቸው፣ ራስህ ብለኸዋልና።

አለቃህን ደግሞ የካንቶናን እራት ጠይቀው። ካላወቀ ደጋፊ አይደለም።

የመጋዘኑ_ልጅ

@ቀዩ_ሰይጣን ሃሃ እጠይቀዋለሁ። ጋሼ ሻይ አይጠጡም፣ ቡና ነው። የመጫኛ ቆጠራውን ማን እንደሚይዝ ዛሬ ማታ በወረቀት አወጣለሁ፣ ሹፌሩን ነገ ለብቻው አናግረዋለሁ። የሆነውን ተመልሼ እጽፍላችኋለሁ።