በካሜራ ኦፕራሲዮን፦ የመግቢያው አደጋ በፊርማው ወረቀት ላይ ይጻፍ?

የአቶቴው፦ እህቴ እዚሁ ሐዋሳ የሐሞት ጠጠሯን በካሜራ ልትሠራ ነው። የምትፈርምበት ወረቀት «ሊያጋጥም የሚችለውን ችግር ተረድቻለሁ» ይላል። ችግሩ ምን እንደሆነ ግን አንድ መስመር የለውም። ትሮካሩ፣ ማለትም መግቢያው ቱቦ፣ ሲገባ ደም ሥር ወይም አንጀት ሊወጋ እንደሚችል የሰማነው ከጎረቤት ነው። ይህ መጻፍ የለበትም?

ታቦር፦ ባይጻፍ እላለሁ። ከባድ ጉዳት ከ1,000 ሰው አንድ ቢያጋጥመው ነው። ያነበበው ሁሉ ፈርቶ ይቀራል። ከዚያ ሐሞቱ ተቆጥቶ ሌሊት በድንገተኛ ይመጣል። ያኔ ኦፕራሲዮኑ ራሱ ይከብዳል።

አንድ የሰፈር ልጅ፦ አዲስ አበባ ውሰዷትና ተገላገሉ።

ሲስተር፦ አዲስ አበባም የሚገባው በዚያው ትሮካር ነው! ታቦር፣ ቁጥርህ ብዙም አልራቀ፤ ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። በላፓራስኮፒ፣ ማለትም በካሜራ ኦፕራሲዮን፣ ከሚደርሱት ከባድ ጉዳቶች ግማሽ ያህሉ ገና ሲገባ የሚደርሱ ናቸው። በተለመደው አገባብ የመጀመሪያው መርፌ ካሜራ ሳይኖር፣ በእጅ ስሜት ነው የሚገባው። አኦርታ የሚባለው ትልቁ ደም ሥር ለሁለት የሚከፈለው እምብርት አካባቢ ነው። ቀጭን ሰው ላይ ከቆዳው ያለው ርቀት ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ቀድሞ ሆዱ የተከፈተ ሰው ደግሞ አንጀቱ ከጠባሳው ሥር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል።

የአቶቴው፦ እህቴ ሁለቱንም ልጆቿን የወለደችው በኦፕራሲዮን ነው። ማንም አልጠየቃትም።

ሲስተር፦ ሳትጠየቅም ትንገራቸው፣ ወንድሜ። ሐኪሙ ካሰጋው እምብርቱን ትቶ ከግራ ጎድን አጥንቷ በታች ሊገባ ይችላል።

ፒያሳ፦ ታዲያ ለምን ትንሽ ቀድደው እያዩ አይገቡም? ሐሰን የሚባለው ሐኪም ይህን ያስተዋወቀው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። ወይም መከላከያ ያለው ትሮካር ይገዛ።

ሲስተር፦ መከላከያ ያለውም ይወጋል። የአሜሪካው የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ1996 እ.ኤ.አ. አምራቾቹን «ሴፍቲ» የሚለውን ከመለያቸው እንዲያነሱ ጠይቋል። ቀድዶ መግባትም ከባድ ጉዳትን እንደሚቀንስ በጥናት ቁርጥ ብሎ አልታየም። ሐኪሙ በለመደው ቢገባ ይሻላል። እኔን የሚያስፈራኝ ሳይታይ የቀረ የአንጀት ቀዳዳ ነው። ሕመምተኛው ደህና ነኝ ብሎ ቤቱ ይገባል። ሕመሙ በየቀኑ መቀነስ ሲገባው ከባሰ፣ ትኩሳት ወይም ትውከት ከመጣ፣ ሆዱ ከተነፋ ያኔውኑ መመለስ አለበት። «ለኦፕራሲዮኑ ሆዱ ውስጥ የተሞላው ጋዝ ነው፣ ያልፋል» እየተባለ ቀን ሲቆጠር ነው ሰው የሚጎዳው።

ታቦር፦ እሺ፣ የመመለሻው ምልክት ይጻፍ፤ በሲዳምኛም ጭምር። ቁጥሩን ግን ሐኪሙ በአፉ ይንገር።

የአቶቴው፦ ኦፕራሲዮን ሊገባ የተጨነቀ ሰው በአፍ የተነገረውን የት ያስታውሳል? ሁለቱም ይጻፍ ባይ ነኝ። ለማንኛውም ነገ ስለ ጠባሳዋ ልንነግራቸው ነው።